ቤት ሊያይ የመጣ ሰው

ወልቂጤ ላይም ሆነ ቡታጅራ፣ ሜትር የያዘ ሰው ወደ አንድ ግቢ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። መንገድ ሊወጣ ነው? ግብር ሊጨምሩ ነው? ወይስ ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጠው አስቧል? ሰውየው የመጣው ቤቱን ለኢንሹራንስ አይቶ ሊገምት እንደሆነ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ «ስንት ተበደረ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ትናገራለች። በእነዚህ ከተሞች መኖሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ የሚያስገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ያዘዘው ሰው ነው። ብድሩ ሲያልቅ ኢንሹራንሱም አብሮ ያልቃል። ቤቱን ሊያይ የሚመጣው ባለሙያም በሰፈሩ ዓይን የዕዳ መልእክተኛ ነው። ይህ የሆነው ግን ጉራጌ አደጋን በጋራ መሸከም ስለማያውቅ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ሁሉም ያየው ቤት

የጉራጌን መንደር ልብ ብሎ ላየው፣ የእሳት ነገር ከጥንቱ የታሰበበት ይመስላል። ጎጆዎቹ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የጋራ ሜዳ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ማሳ አለ። ጀፎረ መንገድ ነው፣ ግጦሽ ነው፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት ቦታ ነው። ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይገባበት በባህል ይጠበቃል። ክዳኑ ሳር ለሆነ ቤት ክፍት ሜዳና እርጥብ እንሰት ቀላል ነገር አይደሉም፤ እሳት ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው እንዳይዘል ያግዳሉ።

አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቦዠ ይተርካል። ቦዠ የመብረቅ አምላክ ነው፤ ስርቆትንና የሰው ቤት ማቃጠልን ይቀጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። እምነቱን ተወው፣ የሠራውን ሥራ ግን እይ፦ የሰው ንብረት ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ከሰማይ የሚመለከተው እንዳለ ያስባል። ቤቱ በአጋጣሚ ቢቃጠል ደግሞ ጎረቤት እንጨት ይቆርጣል፣ ሳር ያጭዳል፣ ምሰሶ ያቆማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቤት ሊያይ የሚላክ ሰው የለም። ለምን ይላካል? ሁሉም አይቶታል እኮ!

ጉራጌው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ይህንኑ ልማድ ይዞ ሄደ። ዕድር በከተማው ውስጥ መልክ የያዘበትን ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ጅምሩን ከጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። ዕቁብም በመርካቶ ነጋዴ ዘንድ ያለው ቦታ የታወቀ ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሰውየውን ሱቅ ያውቃል፣ ቤቱን ያውቃል፣ አመሉን ያውቃል። ዋስ መሆን ማለት እንግዲህ አስቀድሞ አይቶ መመስከር ነው።

ደግሞም «መድን» የሚለው ቃል በቀድሞው አማርኛ ትርጉሙ ዋስ ነበር። «መድን ሆነው» ሲባል ዋስ ሆነው፣ ተያዘለት ማለት ነው። ኢንሹራንስን «መድን» ብለን ስንሰይም የቃሉን ግማሽ ብቻ ይዘን ቀረን። ዋስነቱ መጣ፤ መተዋወቁ ቀረ።

ሜትር የያዘው ሰው ሲመጣ

ዘመናዊው መድን ኢትዮጵያ የገባው ከባንክ ጋር ነው። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ዋስትና ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለመድን ውል ሰፊ ክፍል ሰጠ፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ያንን ክፍል ሳይሽረው አልፏል። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ኩባንያዎቹን ወረሳቸው፤ ከ13ቱ ኩባንያዎች ሀብትና ዕዳ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የወልቂጤና የቡታጅራ ነዋሪ ደጁ ላይ ያየው ሰው ግን የመድን ሠራተኛ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ቤት ተቆጠረ። ማን ስንት ክፍል አለው፣ የትኛውን ያከራያል፣ የትኛው ትርፍ ነው ተባለ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የከተማ ቤት ግብር መጣ፤ ሕዝቡ «ጣራና ግድግዳ» ብሎ የሚጠራው ማለት ነው። ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ታይቶ ነው።

እንግዲህ አንድ የከተማ ሰው ከዚህ ልምድ ምን ይማራል? ቤትህን ሊያይ ለመጣ ሰው አሳንሰህ ማሳየትን! ክፍሉን ከሦስት ሁለት ማድረግን፣ ኪራዩን መደበቅን፣ «አሮጌ ነው፣ ሊፈርስ ነው» ማለትን። በግብርና በውርስ ዘመን ይህ ብልሃት ነበር። በመድን ዘመን ግን ይኸው ብልሃት ባለቤቱን ራሱን ይጎዳዋል።

አሳንሶ ማሳየት ምን ያስከፍላል?

በ1952ቱ ሕግ መሠረት መድን የሚገባ ሰው ስለ ቤቱ የሚያውቀውን በእውነት መናገር አለበት። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። መኖሪያ ነው ብሎ ያስመዘገበው ቤት ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው የእንጨት መሰንጠቂያ ከሆነ፣ ችግሩ የሚገለጠው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ሌላው ግምቱን ማሳነስ ነው። አንድ ቤት እንደገና ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ባለቤቱ ዓመታዊ ክፍያው እንዲቀንስለት ብሎ ወይም የባንኩን ብድር ያህል ብቻ አስቦ፣ በ2 ሚሊዮን ብር መድን ገባ። ማድ ቤቱና ሁለት ክፍል ተቃጥሎ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ደረሰ። ባለቤቱ 1 ሚሊዮን ይጠብቃል። ስሌቱ ግን ይህ ነው፦ የቤቱን ግማሽ ብቻ መድን አስገብቷል፣ ለቀሪው ግማሽ የራሱ መድን ሰጪ ራሱ ነው። ስለዚህ የሚከፈለው 500,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በተገመተ ዋጋ መድን የገባ ቤት ሁሉ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ማንም አላጭበረበረም፤ ቤቱን ዳግም መጥቶ ያየው ሰው ስለሌለ ብቻ።

የጉራጌ አገር ደግሞ የራሱ የሆነ አንድ ጉዳይ አለው፤ የመስቀል ቤት። በአዲስ አበባ የሚነግደው ሰው በትውልድ ቀዬው ወይም በአቅራቢያው ከተማ ጥሩ ቤት ይሠራል። ቤቱ በመስከረም ይሞላል፤ ክትፎው፣ ጨዋታው፣ ምርቃቱ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ዓመት ተዘግቶ በጠባቂ እጅ ይቆያል። ብዙ የእሳት መድን ውሎች ደግሞ ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ከተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ቀን፣ በላይ ከቆየ ሽፋኑ እንደሚቋረጥ ይደነግጋሉ፤ አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት በቀር። ስለዚህ «እዚህ ቤት ማን ይኖራል?» የሚለው የባለሙያው ጥያቄ ወሬ አይደለም። «እኛው ነን» ብሎ መመለስ ደግሞ እንግዳን ለመሸኘት ይመቻል እንጂ ለካሳ አይመችም።

ቡታጅራ ላይ የሚጨመር ጥያቄም አለ። ከተማው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ጉብታዎችና የአረ ሸይጣን ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ ምድሪቱ ከምን እንደተሠራች ይመሰክራሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በተራው የእሳት ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ ተጠይቆ፣ ተከፍሎበት ይጨመራል። ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ይከፍላል።

መፈተሽ የማን ሐሳብ ነበር?

የቤት መድን የተወለደው ከእሳት ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1666 ከተቃጠለች በኋላ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሐኪምና ቤት ሠሪ በ1680ዎቹ መጀመሪያ የእሳት መድን ቢሮ ከፈተ። ለጡብ ቤት ከዓመት ኪራዩ 2.5 በመቶ፣ ለእንጨት ቤት 5 በመቶ ያስከፍል ነበር። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ማየት የግድ ሆነ። ዛሬም ወልቂጤ ላይ «ጭቃ ነው ብሎኬት?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአሜሪካዊው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት የዘካርያስ አለን ታሪክ ነው። አለን በሮድ አይላንድ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ ብዙ ወጪ አውጥቶ አሻሻለ። ከዚያም ኩባንያው ክፍያውን እንዲቀንስለት ጠየቀ። እምቢ አሉት፤ ጥንቁቁም ዝርክርኩም እኩል ይክፈል ነው ነገሩ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1835 እንደ እሱ የሚጠነቀቁ የፋብሪካ ባለቤቶችን ሰብስቦ የጋራ መድን አቋቋመ። ፋብሪካው ታይቶ ያልተመሰከረለት ሰው አባል አይሆንም። የሚያየው ሰው የሚመጣው ለመንጠቅ ሳይሆን «ይህቺን አስተካክል» ለማለት ነው። ከዚያ የወጣው ድርጅት ዛሬም ኤፍ ኤም በሚል ስም በዓለም ላይ ይሠራል።

ይህ ለጉራጌ ሰው እንግዳ ነገር ነው? አባላት ተዋጥተው፣ ተያይተው፣ ተመሳክረው አደጋን የሚካፈሉበት ማኅበር ዕድር ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ አንድ ነው፦ ዕድራችን የሚያየው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ድንኳኑም ወንበሩም የሚወጣው ያኔ ነው። አንዳንድ ዕድሮች ቤት ለተቃጠለበት አባል ይረዳሉ፤ ከመቃጠሉ በፊት ግን ሽቦውን የሚያይ የለም።

መታየት ያለበትም ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ከአንድ ቆጣሪ ተቀጥሎ ለሦስት ሰርቪስ ቤት የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ላይ ሁለት ምጣድ በአንድ ጠዋት ሲጣድ ምን እንደሚሆን የሰፈር ኤሌክትሪሻን ሁሉ ያውቃል። የከሰል ማንደጃ ከጨርቅ ኮርኒስ ሥር ነው? የእሳት አደጋ መኪና በቅያሱ ይገባል? ጀፎረ ሰፊ ነበር፤ የከተማው ቅያስ ግን ጠቧል፤ ቤት ከቤት ጣራ ለጣራ ተያይዟል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ፣ ሐዘኑ ወልቂጤና ቡታጅራ ድረስ ተሰምቷል፤ መርካቶ የስንት ቤተሰብ ጓዳ እንደሆነ ይታወቃልና። ያኔ የዋጣውም የአዘነውም ብዙ ነበር። የመዋጮ ባህላችን አንድ ቤት ሲቃጠል ይችላል፤ ሰፈር ሲቃጠል ግን አዋጪውም አብሮ ተቃጥሏል። መድን የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፤ ጉዳቱ ከሰፈሩ ውጭ ባሉ ሰዎች ጭምር እንዲሸከሙት።

በአገራችን መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን እንዳይነዳ ከአዋጅ ቁጥር 559/2000 ጀምሮ ተከልክሏል። ለቤት እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ አስገዳጁ ባንኩ ብቻ ነው። ባንኩ ደግሞ የሚያስበው ለብድሩ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል ካሳው መጀመሪያ ወደ እሱ ይሄዳል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው ነው። ባለቤቱ ግን የራሱን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ባለሙያው የጻፈውን ሪፖርት ቅጂ ስጡኝ ማለት ይችላል። ግምቱ ለብድሩ ነው ወይስ ቤቱን እንደገና ለመሥራት? መንቀጥቀጥና ጎርፍ ገብቷል? ለመስቀል ብቻ የምንመጣበት ቤት መሆኑ ተጽፏል? ብድሩ ባለቀ ማግስትስ ውሉ በራሴ ስም ይቀጥላል?

እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው ክፍሎቹን አይደብቅም፤ የሚያይለትን ሰው ራሱ ይዞ ጓሮ ድረስ ያስገባዋል።