ከአፖሎ 68 ዓመት የቀደመው የጨረቃ ጉዞ

ሐምሌ 13 በደረሰ ቁጥር የኒል አርምስትሮንግና የባዝ ኦልድሪን ስም መነሳቱ አይቀርም። አፖሎ 11 በ1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ያረፈችው በዚያ ቀን ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቃል፣ የሶቪየትና የአሜሪካ እሽቅድምድም፣ ሳተርን 5 የተባለው ግዙፍ ሮኬት ብዙ ተጽፎባቸዋልና እዚህ አልደግማቸውም። ይልቁን ከዚያ 68 ዓመት ቀድሞ ስለተደረገ ሌላ የጨረቃ ጉዞ ላውጋችሁ። ያ ጉዞ ከአንድ አዳራሽ ግድግዳ አልፎ አያውቅም። ነገር ግን ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም እየከፈለ ተሳፍሮበታል። ዛሬ በታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ ወደ ህዋ የተወነጨፈ እስኪመስለው የሚያናውጡት ማሽኖች ሁሉ የትውልድ ሐረጋቸው ቢቆጠር የሚደርሰው እዚያ አዳራሽ ነው።

ቦታው በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው የቡፋሎ ከተማ፣ ዘመኑም 1901 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእኛ 1893 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከአድዋ ድል አምስት ዓመት በኋላ። ከተማዪቱ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካን አገሮች ያሰባሰበ ታላቅ ኤግዚቢሽን በሜይ ወር ከፍታ ነበር። ከኒያጋራ ፏፏቴ በሽቦ ተስቦ የመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሕንፃዎቹን ያደምቃቸዋል። አመሻሽ ላይ አምፖሎቹ በአንድ ጊዜ ቦግ አይሉም፤ ጭል ጭል ብለው ጀምረው ቀስ በቀስ እየፈኩ ይሄዳሉ። ብዙው ጎብኚ በገዛ ቤቱ ኩራዝና የጋዝ መብራት የሚያበራ ነበርና ይህን ማየት ብቻውን መንገድ የሚያስመታ ነገር ነበር።

ትርዒቶቹ በተደረደሩበት ጎዳና ላይ ከሁሉ በላይ ሰልፍ የሚታይበት ደጅ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የሚል ነበር። ሌላው ትርዒት በአብዛኛው ሃያ አምስት ሳንቲም ሲያስከፍል ይህኛው እጥፉን ይጠይቃል። ከፍሎ የገባ ሰው መጀመሪያ ስለ ጉዞው ገለጻ ይሰማል። ከዚያ «ሉና» ወደምትባል የአየር መርከብ ይሸጋገራል። መርከቢቱ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ረዥምና መሐሏ ወፈር ያለ ስትሆን፣ በግራና በቀኝ ቀይ የሸራ ክንፎች አሏት። በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰው ታሳፍራለች።

ደወል ይደወላል፤ ክንፎቹ መርገብገብ ይጀምራሉ። መርከቢቱ የተንጠለጠለችው በብረት ገመድ ስለነበር ትወዛወዛለች፤ መርገጫው ከእግር ሥር የሚሸሽ ይመስላል። የተደበቁ ማራገቢያዎች ነፋስ ይለቁባታል። በዙሪያዋ ደግሞ በሥዕል የተሞሉ ሰፋፊ ሸራዎች በቀስታ ይንቀሳቀሳሉ። ተሳፋሪው ወደ ታች ሲያይ የኤግዚቢሽኑ ሕንፃዎች ያንሳሉ፤ ቡፋሎ ትርቃለች፤ ኒያጋራ ፏፏቴ ብቅ ብሎ ያልፋል፤ በመጨረሻም ምድር ራሷ ክብ ሆና ከታች ትቀራለች። ልብ በሉ፤ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላናቸውን ያበረሩት ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1903 ነው። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መካከል ምድርን ከላይ አይቶ የሚያውቅ፣ በፊኛ ከወጣ በስተቀር፣ አንድም አልነበረም ማለት ይቻላል።

መንገድ ላይ ማዕበል ይነሳል። መብረቅ ይበርቃል፣ ነጎድጓድ ያጓራል፣ መርከቢቱ ክፉኛ ትናወጣለች። ማዕበሉ ሲያልፍ ጨረቃ ትቀርባለች፤ ተሳፋሪዎቹም እሳተ ገሞራ የቦረቦረው በሚመስል ጉድጓድ ውስጥ ያርፋሉ። ከዚያ ወዲያ ጉዞው በእግር ነው። የጨረቃ ነዋሪዎች ሆነው የሚተውኑ በጣም አጭር ቁመት ያላቸው ሰዎች እንግዶቹን ተቀብለው በዋሻዎች ውስጥ እየመሩ ከመሬት በታች ወዳለች ከተማ ያደርሷቸዋል። ከተማዋ ውስጥ ሱቅ አለ። ወጣት ሴቶች አረንጓዴ አይብ ቆርሰው ያድላሉ፤ ፈረንጆች ጨረቃ ከአይብ የተሠራች ናት እያሉ ለልጆቻቸው የሚያወሩት ተረት አላቸውና። መጨረሻ ላይ የጨረቃው ጌታ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ዘፈንና ጭፈራ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ቡፋሎ ጎዳና መውጣት ነው።

ይህን ሁሉ የወጠነው ፍሬድሪክ ቶምሰን የሚባል የ27 ዓመት ወጣት ነበር። በኦሃዮ ግዛት የተወለደ፣ ሥራውን በንድፍ አንሺነት የጀመረ፣ በየኤግዚቢሽኑ እየዞረ ያደገ ሰው ነው። ሸሪኩ ኤልመር ዳንዲ በዕድሜ ይበልጠዋል። ዳንዲ የኦማሃ ሰው ነው፤ አባቱ በ1879 «የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ በሕግ ፊት ሰው ነው» ብለው የፈረዱት ዝነኛው ዳኛ ዳንዲ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ተቀናቃኞች ነበሩ። ዳንዲ ከቶምሰን የትርዒት ሐሳብ እስከመውሰድ ደርሷል። በኋላ ግን መጣላቱ እንደማያዋጣቸው ገብቷቸው ተጣመሩ፤ አንዱ ገንዘቡን ሲይዝ ሌላው ሕልሙን ያዘ።

ከቶምሰን ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ያሰበ አልነበረም አልልም። በ1895 ለንደን ውስጥ ሮበርት ፖል የተባለ የመሣሪያ ሠሪ የኤች ጂ ዌልስን በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ማሽን የሚተርክ ልብ ወለድ አንብቦ፣ ወንበሮቹ የሚናወጡ፣ ነፋስ የሚነፍስበትና ተንቀሳቃሽ ምስል የሚታይበት አዳራሽ ለመሥራት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። አዳራሹ ግን ከወረቀት አልወረደም። ቶምሰን ሚስማር መትቶ፣ ሸራ ወጥሮ፣ ገመድ ስቦ ሠራው። ለዚህ ነው ቀዳሚነቱን ለእርሱ የምሰጠው።

ስለዚያ ጎዳና ሲነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ከጨረቃ ጉዞው ብዙም ሳይርቅ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች በተሠራላቸው መንደር ውስጥ ለጎብኚ ይታዩ ነበር፤ የባርነት ዘመን እርሻን አስውቦ የሚያሳይ ትርዒትም ነበር። የቡፋሎዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሜሪ ታልበርት ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ የተሳተፉበትና የጥቁሮችን እድገት የሚያሳየው ዐውደ ርእይም ከፓሪስ መጥቶ ለሕዝብ ታየ። ሰውን ወደ ጨረቃ እወስዳለሁ ያለ ጎዳና በምድር ያለውን ሰው እንደ እንስሳ ማሳየቱ የዘመኑን አእምሮ ያሳያል።

ኤግዚቢሽኑ በአሳዛኝ ሁኔታ ተጠናቀቀ። በሴፕቴምበር 6 ቀን ፕሬዚዳንት ዊልያም ማኪንሌይ በዚያው ግቢ ሕዝብ ሲጨብጡ ተተኮሰባቸው፤ ከስምንት ቀን በኋላም አረፉ። ገዳዩ ላይ ዘለው ከተረባረቡት መካከል ጄምስ ፓርከር የተባለ ጥቁር አስተናጋጅ ይገኝበታል። ኤግዚቢሽኑ በኖቬምበር በኪሳራ ተዘጋ። የቶምሰንና የዳንዲ መርከብ ግን አትርፋ ወጣች።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ።

በሴፕቴምበር 1902 ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የተሰኘውን ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። የጨረቃ ዓይን ውስጥ የተሰነቀረውን ጥይት የመሰለ መንኮራኩር ያላየ ሰው ጥቂት ነው፤ በሲኒማ ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ አለ። ሜሊየስ ሐሳቡን ያገኘው ከየት ነው? ራሱ በ1930 በጻፈው ደብዳቤ መነሻዬ የዡል ቬርን ልብ ወለዶች ናቸው ብሏል። ባለቤቱ ከተናገረ ወዲያ ምን ክርክር አለ ይባል ይሆናል፤ ለብዙ ዘመንም የተጻፈው ይኸው ነው። የዌልስን «የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በጨረቃ» የሚጨምሩ አሉ፤ መጽሐፉ በ1901 በፈረንሳይኛ ወጥቶ ነበርና። በ1875 ፓሪስ ውስጥ የታየውን የዣክ ኦፈንባክን ሙዚቃዊ ተውኔት የሚጨምሩም አሉ።

ፈረንሳዊው የሲኒማ ታሪክ ተመራማሪ ቴሪ ሌፌብር በ2011 በታተመ ጥናቱ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። እርሱ እንደሚለው ፊልሙ የተቀላቀለ ነው፤ ብዙ ዝርዝሩ ከኦፈንባክ ተውኔት ቢመጣም አጥንቱ፣ ማለትም የታሪኩ ቅደም ተከተል፣ የተወሰደው ከቡፋሎው ትርዒት ነው። መጓዝ፣ ጨረቃ ላይ ማረፍ፣ መልካቸው ያልተለመደ ነዋሪዎችን ማግኘት፣ ከመሬት በታች መጓዝ፣ ጌታቸው ፊት መቅረብ፣ በመጨረሻም በድንገት ወደ ምድር መመለስ፤ ይህ ሁሉ ቶምሰን ተሳፋሪዎቹን ባሳለፈበት ተራ ነው የመጣው።

የሜሊየስን ቃል የሚያምኑ ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ትልቅ ነገር አለ። የዡል ቬርን ተጓዦች ጨረቃ ላይ አያርፉም! በመድፍ ተተኩሰው ጨረቃን ይዞሩና ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ። ሜሊየስ መድፉን ከቬርን መውሰዱ ግልጽ ነው፤ ውቅያኖስ ላይ መውደቁንም እንዲሁ። ዋሻው፣ ነዋሪዎቹና ንጉሡ ግን ከቬርን መጽሐፍ ሊመጡ አይችሉም። ዌልስ ዘንድ ነዋሪዎቹም ዋሻውም አሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁንና የዌልስ ጨረቃ ጨለማና አስፈሪ ነው። ፊልሙ ውስጥ የምናየው ቀለል ያለ፣ ባለ ዳንሰኛ፣ ባለ አክሮባት ጨረቃ ደግሞ የትርዒት ቤት ጨረቃ ነው። ሜሊየስ አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበር። ፓሪስ ውስጥ የራሱ የምትሃት ቲያትር ነበረው፤ የጨረቃ ነዋሪዎቹንም ያስተወነው በአክሮባቶች ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በባሕር ማዶ 400 ሺህ ሰው ስለጎረፈበት የጨረቃ ትርዒት ሳይሰማ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው ርዕስ፣ በዚያው ተራ ፊልም ሠራ ከሚለው ይልቅ የሌፌብር ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ደብዳቤ የሚጽፍ አዛውንት ደግሞ ከአንድ የመዝናኛ ትርዒት ይልቅ ታላቁን ደራሲ ቢጠራ አይፈረድበትም።

የቡፋሎው ኤግዚቢሽን ከተዘጋ በኋላ መርከቢቱ ኒውዮርክ ከተማ ወደሚገኘው ኮኒ አይላንድ ተጓዘች። ቶምሰንንና ዳንዲን የጠራቸው እዚያ የመዝናኛ ፓርክ የነበረው ጆርጅ ቲልዩ ነበር። የ1902 ክረምት ዝናብ በዛበት፤ ቲልዩም ለቀጣዩ ዓመት የእነቶምሰንን ድርሻ ልቀንስ አለ። ጥለውት ሄዱ። በሜይ 16 ቀን 1903 የራሳቸውን «ሉና ፓርክ» ከፈቱ፤ 250 ሺህ ያህል አምፖል አበሩበት። ስሙ አገር ለአገር ዞረ። በሜልቦርንና በሲድኒ ዛሬም አለ፤ በቴል አቪቭም ሉና ፓርክ አለና በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዱበታል። ዳንዲ በ1907 ሞተ። ገንዘቡን የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ቶምሰን መጠጥና ዕዳ ወረሱት፤ በ1912 ከሰረ፣ በ1919 በ45 ዓመቱ አረፈ። የኮኒ አይላንዱ ሉና ፓርክም በ1944 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ አላንሰራራም።

የመዝናኛውና የቁም ነገሩ መንገድ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተገናኝቷል። በዚያው በኒውዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ውስጥ፣ ኤድዊን ሊንክ በ1929 ከአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ በተገኘ የአየር መንፊያ የሚንቀሳቀስ የአውሮፕላን ማስመሰያ ሠራ። መጀመሪያ የገዙት የመዝናኛ ፓርኮች ነበሩ። የአሜሪካ ጦር በ1934 ፖስታ ሲያመላልሱ ብዙ አብራሪዎች ካለቁበት በኋላ ነው ወደ ማሽኑ የዞረው። በ1955 ዲዝኒላንድ ሲከፈት የጨረቃ ሮኬት ትርዒት ነበረው፤ በዚያው ዓመት ዲዝኒ ስለ ህዋ ባቀረበው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የታየው ቨርነር ፎን ብራውን በኋላ የሳተርን 5 ሮኬትን ሥራ መርቷል። በ1987 በዲዝኒላንድ የተከፈተው «ስታር ቱርስ» የተባለ ትርዒት አብራሪዎች የሚሠለጥኑበትን ዓይነት በሃይድሮሊክ እግሮች ላይ የቆመ ሲሙሌተር በቀጥታ ተጠቀመ። በ2003 በፍሎሪዳ የተከፈተው «ሚሽን ስፔስ» ደግሞ ተሳፋሪውን በፍጥነት አሽከርክሮ የሮኬት መነሳትን ክብደት በሰውነቱ ላይ ያሳርፍበታል።

ቦሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲም የእኛና የሌሎች አፍሪካ አገሮች አብራሪዎች መሬት ሳይለቁ ማዕበልና የሞተር ብልሽት የሚለማመዱባቸው ሲሙሌተሮች አሉ። የሚያናውጥ መቀመጫ፣ በመስኮት የሚሮጥ ምስል፣ በድንገት የሚነሳ ማዕበል፤ የቡፋሎዋ መርከብም የያዘችው ይህንኑ ነበር። በሐምሌ 13 የአፖሎን ሰዎች ስንዘክር የፍሬድሪክ ቶምሰንም ስም አብሮ ሊነሳ ይገባዋል።