ሬሳና አስከሬን



በለቅሶ ቤት ዘወትር ስለምንሰማቸው ሁለት ቃላት ጥቂት እንድንገልጽ ይፈቀድልን።

«ሬሳ» ማለት ነፍስ የተለየው የሰው ገላ ነው። ከብት ሲሞት በድን ወይም ጥንብ ይባላል እንጂ ሬሳ አይባልም። ቃሉ ደረቅ ነው፤ ሰነፉንም «አንተ ሬሳ፣ ተነሥ!» እያልን እንሰድብበታለን። «አስከሬን» ግን ከግእዝ የመጣ ሲሆን የጥንት ፍቺው ገላው ሳይሆን ገላው የሚገባበት ሣጥን ነው። ከጊዜ ብዛት የማደሪያው ስም ለአዳሪው ተላለፈ። ታዲያ ዛሬ «አስከሬኑ ሣጥን ገባ» ስንል በጥንቱ ፍቺ «ሣጥኑ ሣጥን ገባ» ማለታችን ነው፤ ለቅሶ ላይ ሆኖ ነው እንጂ ያስቅ ነበር።

ሣጥን ደግሞ ድሮ የሁሉም አልነበረም። አብዛኛው ሰው ተገንዞ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ በቃሬዛ ነበር የሚሸኘው። እኛ እንደሚመስለን ቃሉ የክብር ቃል የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። በጽሕፈት ሥራ በኖርንበት ዘመንም በደብዳቤ ላይ «አስከሬን» እንጂ «ሬሳ» ተብሎ ሲጻፍ እምብዛም አላየንም።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ይኸውም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ይህ ክብር ቀረ። የአዲስ አበባ ልጆች ተገድለው በየመንገዱ ዳር ተጣሉ፤ በላያቸው ላይ ጽሑፍ ተለጠፈ። እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ የጥይት ዋጋ ክፈል የተባለም ቤተሰብ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ሬሳ አየሁ» ይል ነበር እንጂ «አስከሬን አየሁ» ያለ አልሰማንም። የሚገንዝ፣ የሚሸፍን፣ ሣጥን የሚያመጣ በሌለበት ምኑ አስከሬን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ቃል «ዐፅም» መጣ። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. የሞቱት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ከጅምላ መቃብር የወጣ ዐፅም ይታያል። ዐፅሙም ሳይገኝላቸው ፎቶግራፍ አቁመው ያለቀሱ ወላጆች ብዙ ናቸው።

አሁን በስልክ መልእክት «ሬሳው ስንት ሰዓት ይወጣል?» ተባብለን ስንጠያየቅ እናያለን። መልእክቱ እኮ የኀዘንተኛው ስልክ ላይም ይደርሳል። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ቢባል ይበቃል፤ መጻፉ ግድ ከሆነም «አስከሬኑ» እንበል።