ዘንገና ለምን መዋኛ አልሆነም?

ከቲሊሊ ወደ ቆሰበር የሚወስደው አስፋልት ዘንገና ሐይቅን በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ያልፈዋል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፣ ጥልቀቱም ከ150 ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገደኛ ሁልጊዜ በአጠገቡ ቢመላለስም፣ እንደ ቢሾፍቱ ወይም እንደ ላንጋኖ ሰው ለዋና የሚጎርፍበት ዳርቻ አልሆነም። አንዳንዶች ምክንያቱን ደገኛ ውሃ ይፈራል በሚል ይቋጩታል። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ሐይቅን መዋኛ የሚያደርጉት የውሃው ውበት ወይም የሕዝቡ ድፍረት ሳይሆኑ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀንና መጓጓዣ ናቸው።

ደገኛው ውሃ ይፈራል የሚለውን ለማፍረስ ጎንደር ይበቃል። በጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛ ውሃ እንደተባረከ ወጣቶች ከግንቡና ከዛፉ ላይ እየዘለሉ ይገቡበታል። በጣና የታንኳ ቀዛፊው ኑሮ ከውሃው ተለይቶ አያውቅም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የዓባይ መነሻ ወደሆነው ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ አገዎች በየዓመቱ ምንጩ ላይ ከብት እንደሚሠዉ ጽፏል፤ ዛሬም ምእመናን ጠበሉን ፈልገው ወደዚያ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሰው ከውሃ አልራቀም፤ ውሃን የሚሻው ግን ለበረከት፣ ለፈውስና ለእንጀራው ነበር። ለመዝናናት ብቻ ወደ ሐይቅ መውረድ የእረፍት ቀንና ትርፍ ገንዘብ ያለውን ሰው ይጠይቃል።

የዚህ ዓይነቱ ሰው መቼ እንደመጣ የባቡር ሐዲድ ይመሰክራል። ከምጽዋ የተነሣው ባቡር በ1904 ዓ.ም. አስመራ ሲገባ፣ የደጋው ከተሜ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ተከፈተለት፤ በኋላም በምጽዋ አጠገብ ያለው የጉርጉሱም አሸዋ የመዝናኛ ስም አተረፈ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ቢሾፍቱ የዋና ከተማዋ ደጅ ሆነች፤ የአየር ኃይሉ ሰፈርም ደመወዝተኛ ነዋሪ ጨመረላት። የቢሾፍቱ ሐይቆች ሆራና ባቦጋያ እንደ ዘንገና ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው። ሆራ ከመዝናኛነቱ በፊትም የኢሬቻ በዓል ቦታ ነበር፤ መዝናኛ ያደረገው በደጁ የደረሰው ከተሜ ነው።

እዚህ ላይ የተፈጥሮስ ድርሻ የት ገባ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘንገና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው ይበርዳል፤ ዳርቻው ቁልቁል ነው። እንደ ቀይ ባሕሩ ዳህላክ ኮራል የለውም፤ በሞገድ ላይ የሚንሸራተት ሰው የሚፈልገውን የውቅያኖስ ማዕበልም እንዲህ ያለ ትንሽና ዙሪያው በገደል የተከበበ ሐይቅ ሊያነሣ አይችልም። ይህ ግን የሚያስረዳው የዋናውን ዓይነት እንጂ የዋናተኛውን መቅረት አይደለም፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻም ቁልቁል መሆኑ መዝናኛ ከመሆን አላገዳቸውም።

የቀድሞው ምክንያት ደግሞ አሁን እየሳሳ ነው። ቆሰበር የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ደመወዝተኛና ተማሪ ሞልቶባታል። ሐይቁን ለብቻው ያቆየው የገዢ እጦት ከነበረ፣ ገዢው በር ላይ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ማን ዋና እንደሚያስተምር፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ከደኑ ምን ያህሉ ሳይነካ እንደሚቀር የሚወስነው ደንብ ከመጀመሪያው ሎጅ መሠረት መቅደም አለበት።