ዕቃው ይገኛል?

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ስለ መኪና ከሞተሩ በፊት የምንጠይቀው «ዕቃው ይገኛል?» ብለን ነው። ለጌጃ ሰፈር ልጅ መልሱ ሩቅ አልነበረም፤ ሱማሌ ተራ አለለት።

የመኪና ፉክክር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአጼ ምኒልክ መኪና ይዞ መጣ፤ ጀርመናዊው ሆልትዝም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ፊያት፣ ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ቶዮታ ተፈራረቁ። ልባችንን የወሰደው ግን ፈጣኑ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ የሚጠገነው ነው። ያረጀ ኮሮላ ዋጋው አልወርድ ያለውም አንድም ለዚህ ነው።

መንግሥት ጨዋታውን ቀየረው። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ታዲያ ጎበዝ፣ ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍተዋል? የሰፈራችን መካኒክ ይህን እስኪማር የአዲሷን መኪና እውነተኛ ዋጋ አናውቀውም።