የሁምቦ ተራራና ሰባቱ የደን ማኅበራት

ከሶዶ ወደ አርባምንጭ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ጠበላ ይደርሳል። ጠበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ደጋው ወደኋላ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። በስተደቡብ የጋሞ ምድር፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የአባያ ሐይቅ አለ። በዚህ የወላይታ ዳርቻ ላይ ነው የሁምቦ ተራራ የቆመው።

አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ሰፊው ሲሆን ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንግዳ ሰው አይቶት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። ውኃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ያቀላውም ወንዞችና ጎርፍ ከየተዳፋቱ ጠርገው የሚያመጡት አፈር ነው። ለገበሬ ይህ የቱሪስት መስህብ ብቻ አይደለም፤ ከማሳው የሄደው አፈር የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነው።

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመቻ እስኪያዝ ድረስ በራሱ ካዎዎች ይተዳደር ነበር፤ የመጨረሻው ካዎ ጦና ናቸው። ከዘመቻው በኋላ አራሹ ገባር ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የገባርነትን ሥርዓት ቢያስቀርም መሬቱም ደኑም የመንግሥት ሆኑ። ገበሬው ማሳውን ለማረስ መብት አገኘ። ተራራው ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለነዋሪው ግልጽ አልነበረም።

በዚያ ላይ የሕዝቡ ብዛት አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላይታ ግብርና ልማት ድርጅት (ዋዱ) መሬት የጠበባቸውን የደጋ አርሶ አደሮች በሁምቦ ቆላ በአበላና በኪንዶ በኩል በበሌ አስፍሯል። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ በቆሎና ጥጥ ተዘራ። ሰፈራው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ማገዶ፣ ከሰልና የቤት መሥሪያ እንጨት የሚፈልገው ሰው በጨመረ ቁጥር ተራራው እየተራቆተ ሄደ። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ማሳ ላይ ይወርዳል፣ ዝናብ ሲጠፋም ምንጩ ይደርቃል። በ1977 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ረሃብ ወላይታንም ሲጎዳ ሁምቦ ይህን ራቁት ተራራ ይዞ ነበር የጠበቀው።

መፍትሔው የመጣው ከጉቶው ነው። ዛፎቹ ቢቆረጡም ሥራቸው አልሞተም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በተጀመረው ሥራ ከብትና መጥረቢያ ከተራራው እንዲርቁ ተደረገ። ከአንድ ጉቶ ከሚያቆጠቁጡት ብዙ ቅርንጫፎች ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀራሉ፣ የቀሩት ይገረዛሉ። የተገረዘው ለማገዶ ይሆናል፣ ሣሩም እየታጨደ ለከብት ይሰጣል። በዚህ ዓይነት 2,728 ሄክታር ተራራ ለማገገም በቃ። ችግኝ የተተከለው በጥቂቱ ክፍል ላይ ብቻ ሲሆን አብዛኛው ከነባሩ ሥር የበቀለ ነው።

ሥራው ሲጀመር ሁሉም ሰው እሺ አላለም። «ከብቶቻችን የት ይሰማሩ? ደኑ ሲያድግ መሬቱን ሊወስዱብን ነው» የሚል ሥጋት ነበር። ያለፈውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ሥጋቱ መሠረት ያለው ነው። ሥጋቱን ያቀለለው ስብሰባና ትምህርት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። በተራራው ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ደኑን የመጠበቅና የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጃቸው ገባ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ለማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት መስጠቱ እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የታየው። ሕግ የማያውቀው ስብስብ ውል ሊፈርም አይችልም።

ውሉም መጣ። ዛፍ ሲያድግ ከአየር ካርቦን ይስባል። የበለጸጉ አገሮች ይህን እንደ አገልግሎት ቆጥረው ይገዛሉ። የሁምቦ ደን በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መርሐ ግብር ተመዘገበ። በአፍሪካ በዚህ መጠን ከተመዘገቡ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነው። በ30 ዓመት ወደ 880 ሺህ ቶን እንደሚስብ ሲገመት፣ ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ነበር። አንድ ባንክ በአበላ ለምንጣሮ ብድር ሰጥቶ ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ በዚያው ወረዳ የዛፍ ሒሳብ መክፈሉ የሚያስገርም ነው። በ2005 ዓ.ም. ከ73 ሺህ ቶን በላይ የመጀመሪያው ሒሳብ ጸደቀ። የሽያጩ ገቢም ለየግለሰቡ ሳይበተን ለእህል ወፍጮና ለመጋዘን ዓይነት የጋራ ሥራዎች ዋለ።

ዛሬ የወረዳው አወቃቀር ተለውጦ ሆቢቻና አበላ አባያ ራሳቸውን የቻሉ ወረዳዎች ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ዞኑ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው፤ ሶዶም የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ተራራው ግን የወረዳ ድንበር አይለየውም። በአንድ ወገን የተቆረጠው ጉዳት በሌላው ወገን ማሳ ላይ በጎርፍ ይመጣል። ስለዚህ የሰባቱ ማኅበራት የጥበቃ ተራና የቅጣት ደንብ አሁንም ከየቀበሌው አልፎ መነጋገርን ይጠይቃል። የካርቦን ሒሳቡ ዘመን የሚያበቃው በ2029 ዓ.ም. ነው። ደኑ መመለስ ሲጀምር ሕፃን የነበሩት ልጆች ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሶች ይሆናሉ። ብዙዎቹም የሚያርሱት መሬት የሚጠይቁ ናቸው።