ክረምትና አሮጌው ሞተር ብስክሌት በጅማ ምድር

በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰርቦ፣ ዓመቱን ለሁለት የሚከፍለው ዝናብ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም የሚበልጠው እጅ የሚወርደው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ዝናቡ ሲያባራ የቡናው ፍሬ መቅላት ይጀምራል፤ ለቀማው፣ ማጠቡ፣ ማድረቁና ማጓጓዙም በጥቅምትና በኅዳር ይፋፋማል። እንግዲህ በዚህ አገር ማናቸውም ማጓጓዣ፣ በቅሎም ይሁን ሞተር፣ የሚፈተነው በሁለት ነገር ነው፤ ክረምቱን በደኅና በመውጣቱና በጥቅምት ማለዳ ሲፈለግ በመነሣቱ። ስለዚህ የአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የክረምት አያያዝ ተራ የቤት ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ ታሪኩ ከመንገድ፣ ከቡናና ከሕዝብ ጤና ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም።

ከሲራራ እስከ ሞተር

የጅማ ንግድ ማዕከል የሒርማታ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቡናውና ዝባዱ ከዚያ ገበያ ተነሥቶ የሚጓዘው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ክረምት ሲገባ ጉዞውን ይገታል፤ ጊቤ ሲሞላ መሻገሪያ አይገኝምና። ለአጋሰሱ ግን ክረምት ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ አልነበረም። የተገጠበው ጀርባ የሚሽረው፣ ሰኮናው የሚስተካከለው፣ ኮርቻውና መጫኛው የሚጠገነው በዚሁ ወቅት ነበር። የመስቀልን ዋዜማ ሳይዘጋጅ የጠበቀ ነጋዴ ከጓደኞቹ ኋላ ይቀራል። ይህ ልማድ ሞተር ከመምጣቱ በፊት የነበረ የጥገና ሥርዓት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የኢጣልያ ወራሪ ጦር ጅማን ከያዘ በኋላ ከተማይቱን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አደረጋት፤ ከአዲስ አበባ የሚያገናኛትንም የመኪና መንገድ ሠራ። በዚያን ዘመን የኢጣልያ ጦር ከሚገለገልባቸው ሞተር ብስክሌቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1939 የተሠራው ሞቶ ጉዚ ጂ.ቲ. 17 ነበር። ሆኖም ክረምቱ ለሞተርም ለመንገድም አልተበገረም። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማን ለማስለቀቅ በተደረገው ዘመቻ፣ ድልድዮቹ ፈርሰው፣ ወንዞቹ በዝናብ ሞልተው ስለ ነበር የጊቤና የኦሞ መሻገሪያ ከውጊያው እኩል ያስቸገረ ሆኖ ተገኝቷል። በመጨረሻም ገረሱ ዱኪን የመሳሰሉት አርበኞችና የእንግሊዝ የጦር ኃይሎች ተረባርበው ከተማይቱ ሰኔ 14 ቀን ነጻ ወጣች።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋናዎቹ መንገዶች እየታደሱ ሄዱ። ይሁን እንጂ ቡናው የሚበቅለው በአውራ ጎዳናው ዳር ሳይሆን ከጎዳናው ባሻገር ባሉት ኮረብታዎች ነበር። ወደዚያ የሚያደርሰው ቀይ የሸክላ አፈር መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ ነው። መኪና የማይገባበትን፣ በእግርም ቀን የሚፈጀውን ይህን ርቀት የሞላው ሞተር ብስክሌት ነው።

የቃላቱ ምስክርነት

የሙያው ታሪክ በሰነድ ከተጻፈው ይልቅ በቃላቱ ተጽፎ ይገኛል። በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ መካኒክ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲል የሚናገረው ከኢጣልያ ወርክሾፖች የወረሰውን ቋንቋ ነው። ዝገት የሚፋቅበት «ብርጭቆ ወረቀት» እንኳ የኢጣልያንኛው ስም ቀጥተኛ ትርጉም ሳይሆን አይቀርም። በኋላ የጃፓን ሞተሮች ሲመጡ ከእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ ጋር መጡ። የሚጠግናቸው ሰው ግን ዕቃዎቹን በኢጣልያንኛ ስም እየጠራ፣ ለረዳቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያስተምር ነበር። መጽሐፉ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ሲቆለፍ፣ ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በዚህ መንገድ የዳነው ብዙ ነው፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው ተዛብቶ የተላለፈውም ጥቂት አይደለም።

ክረምት የማያስቀረው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የያማሃ ኩባንያ በ1973 ኤ.ጂ. 100 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ብሎ አወጣ። ሰንሰለቱ፣ በመካኒኮች አጠራር ካቴናው፣ ሙሉ በሙሉ በክዳን የተሸፈነ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ የተበጀለት ነው። ይህ ሞተርና ታላቅ ወንድሙ የሚመስለው ዲ.ቲ. 125 በኢትዮጵያ ገጠር በስፋት ከታወቁት መካከል ናቸው። የግብርና፣ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ሠራተኞች በእነዚህ ላይ ተቀምጠው ያላዳረሱት ቀበሌ ጥቂት ነው።

በጅማ ዙሪያ ግን አንድ የተለየ ግዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ሲሆን፣ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ እያጠቆረ ያረግፋል፤ የሚስማማውም ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በመልኮ የተቋቋመው የጅማ የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መርጦ እስኪያወጣ ድረስ ተስፋው በቅኝትና በመድኃኒት ርጭት ላይ ነበር። ይህም ማለት ሲራራ ነጋዴው ያርፍበት በነበረው ወቅት የልማት ሠራተኛው መንገድ መውጣት ነበረበት ማለት ነው። በቆላማው የጊቤ ሸለቆም የወባ መዛመት የሚበረታው ዝናቡ እንዳባራ ነው። አንድ ሞተር በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቢቀር የሚጎዳው ነጂው ብቻ አልነበረም፤ አንድ መንደር የዓመቱን ፍሬ ወይም አንድን ሕፃን ሊያጣ ይችል ነበር።

ጋራዥ የሆነው በረንዳ

የመሥሪያ ቤቱ ወርክሾፕ በአብዛኛው በከተማ የሚገኝ ስለ ነበረ፣ የዕለት ተዕለት ጥገናው በነጂው ቤት ይፈጸም ነበር። በጅማ እንደ ሰቶ ሰመሮ ባሉት ሰፈሮችና በአጋሮ ጓሮዎች፣ ሞተሩ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በበረንዳ ወይም በሳሎን ጥግ ነው። በዚያ ጥግ የሚደረገው ጥበቃ ከየትኛው ጠላት እንደሆነ በዝርዝር መመልከት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ጠላት በታንኩ ውስጥ የሚገባው ውሃ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ የብረት ታንክ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ያስገባል፤ እርጥበቱም በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀምና ታንኩን ከውስጥ ያዝጋል፤ ዝገቱም ወርዶ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ይደፍናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተሩ የሚቆም ከሆነ ታንኩን ሞልቶ ማቆም፣ የቤንዚኑን መክፈቻ መዝጋት፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቶ የቀረውን ማፍሰስ።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። የጅማ ሸክላ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን እስከማሰር ይደርሳል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ እርጥበት አቅፎ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ጭቃው ሳይደርቅ በዚያው ምሽት መታጠብ፣ ካቴናው ተወልውሎ ዘይት መቀባት ይኖርበታል። ፍሬኑ ውሃ ገብቶበት ከቆመ ሸራው ከከበሮው ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ ይህ እንዳይሆን ከታጠበ በኋላ ጥቂት መንገድ ፍሬን እየያዙ ነድቶ ማድረቅ ይገባል።

ሦስተኛው ከባለቤቱ መልካም አሳብ የሚመጣ ነው። ሞተሩን በቡና ጆንያ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ጆንያ እንደ ፎጣ ውሃ ይዞ ይቆያል። የአፈር ወለልም ከሥር እርጥበት ይሰጣል። እንዲሁም ዩሪያና ዳፕ ማዳበሪያ ውሃን ከአየር የሚስቡና ብረት የሚበሉ በመሆናቸው ከሞተሩ አጠገብ ሊቀመጡ አይገባም፤ ተጭነውበትም ከሆነ መጫኛው በውሃ መለቅለቅ አለበት። ሞተሩን በጣውላ ላይ አቁሞ ጎማዎቹን ከመሬት ማላቀቅና አየር እንዲዘዋወር መተው ከማናቸውም ሽፋን ይሻላል።

አራተኛው ተዛብቶ ከተላለፈው ዕውቀት አንዱ ነው። «በየእሑዱ ለጥቂት ደቂቃ አስነሥተህ አጥፋው» የሚለው ምክር በብዙ ቤት ይሠራበታል። ነገር ግን 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወልዳል። ሞተሩ በሚገባ ካልሞቀ ይህ ውሃ በማርሚታው ውስጥና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀርቶ ዝገት ይሆናል። ወይ እስኪግል ድረስ መንዳት ነው፣ ወይ ከነጭራሹ አለማስነሣት ነው። ለብዙ ሳምንት የሚቆም ከሆነ ካንዴላውን ፈትቶ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግና ሞተሩን በእግር ቀስ ብሎ ማዞር ይበቃል። ባትሪውም ተፈትቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በየወሩም ይሞላ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የከፍታው ጉዳይ አለ። በጅማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ እጅ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚህ ስፍራ ከአየሩ የሚበልጥ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ በቀዝቃዛ የክረምት ማለዳ ሞተሩ እንቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በካንዴላው ላይ ይላከካል፤ መስተካከል የነበረበት ግን የቤንዚኑ መጠን ነው።

የእጥረት ዘመን

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት የውጭ ምንዛሪ በመመናመኑ መለዋወጫ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በዚህን ጊዜ የቤት ጥገና ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ጓርኒሲዮን ከካርቶን ተቆርጦ ተሠራ፤ ያረጀ ካላማዳሪ ለልዩ ልዩ ማሰሪያና መሸፈኛ ዋለ። ከእነዚህ ብልሃቶች አንዳንዶቹ በምሕንድስና ዓይን ሲመረመሩ የሚያስመሰግኑ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ዋጋ አስከፍለዋል። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠምጠም ገመዱን ያቃጥላል። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያስገባውን፣ ዘይትን በራሱ የሚመጥን ፓምፕ ነቅሎ ዘይቱን በግምት ከቤንዚን ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ነው። ለእንዲህ ያለው ሞተር፣ እንደ ሥሪቱ ከ20 እስከ 50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚፈለግ ሲሆን፣ በግምት ሲያንስ ፒስቶኑ ይነክሳል፤ ሲበዛ ማርሚታው ይደፈናል።

ዕዳው

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር ቀበሌዎች የጠጠር መንገድ በስፋት ተሠርቷል፤ በቡና ከተሞቹ ጎዳናዎችም ባለ አራት ምት የሕንድና የቻይና ሞተሮች፣ ባለ ሦስት እግሩም ባጃጅ በዝተዋል። የድሮዎቹ ያማሃዎች ግን ፈጽሞ አልጠፉም። ለአዲሶቹም ቢሆን ዘይቱ ከቤንዚኑ ተለይቶ የሚለካና የሚለወጥ ከመሆኑ በቀር፣ ውሃው፣ ጭቃው፣ ጆንያውና ከፍታው አልተለወጡም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የሙያ ባልደረቦችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ለመንገድ ብድር ተገኝቶለታል፤ ለሞተሩ ምንዛሪ ተከፍሎለታል፤ ለቡናው የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞለታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሐምሌ ምሽት የሚያያይዘው፣ በበረንዳ ላይ በፋኖስ ብርሃን ካቴና የሚወለውል ሰው ግን የሚያነበው ነገር አልተሰጠውም ነበር። ያወቀውን ከጎረቤት አወቀ፤ የተሳሳተውንም እንዲሁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የጥገናን ፍሬ ነገር በሁለት ቃላት ይዞታል፤ የቀረው ቅጠሉ የትኛው እንደሆነ መንገር ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ፣ መካኒኩ የሚያውቃቸውን ስሞች የሚጠቀም፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ለዚህ ይበቃል። ሲራራ ነጋዴው ለበቅሎው የሚያደርገውን ሳይጻፍለት ያውቅ ነበር፤ ሥራው ለብዙ ትውልድ የቆየ ነበርና። ሞተር ብስክሌት በጅማ ኮረብታዎች ላይ ገና የጥቂት ትውልድ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ያ ገጽ ሊደርስለት የሚገባው ከሰኔ በፊት ነው።