የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት

ሮበርት ኮድሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1604 ያሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ለ2,500 ያህል ቃላት አጭር ፍቺ ብቻ ስለ ሰጠ፣ ተማሪው የቃሉን አገባብ ከዚያ ሊያገኝ አልቻለም ነበር። ይህን ጉድለት በሰፊው የሞላው፣ በለንደን ጎፍ አደባባይ በነበረው ቤቱ ሰገነት ላይ ስድስት ጸሐፍት እየረዱት ለዓመታት የደከመው ሊቁ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እርሱ የቀደሙትን ደራስያን መጻሕፍት እየመረመረ፣ የመረጠውን ቃል አስምሮ የቃሉን መነሻ ፊደል በኅዳጉ ላይ ሲጽፍ፣ ጸሐፍቱ ዐረፍተ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ይገለብጡ ነበርና፣ በ1755 የታተመው መዝገበ ቃላት ከ42,000 የሚበልጡ ቃላትን ከ110,000 በላይ በሆኑ ጥቅሶች አስደግፎ ወጣ። ድካሙም በእውነት ምስጋና የሚገባው ነው። እንግሊዝኛ የምትማር ወዳጄ ሆይ፣ መዝገበ ቃላት በገለጥህ ጊዜ ከፍቺው ቀጥሎ የተጻፈውን ምሳሌ ሳታነብ አትለፍ።